የቤት አያያዝ፦ የበረንዳው ዥዋዥዌ በምን ላይ ይንጠለጠል?

በዚህ ወር የምንነጋገርበት ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት የጨዋታ ነገር ይመስላል። ይኸውም በበረንዳ ጣራ ሥር በሰንሰለት ወይም በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወዛወዘው፣ መደገፊያ ያለው፣ ሁለትና ሦስት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው የዥዋዥዌ ወንበር ነው። ልጆች በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ገመድ አስረው የሚጫወቱትን ዥዋዥዌ የማያውቅ የአገራችን ሰው አይገኝም። ባለመደገፊያው ወንበር ግን ይልቁንም የሚታወቀው በአሜሪካ ነው፤ በዚያ አገር፣ በተለይ ሙቀት በሚበዛበት በደቡቡ ክፍል፣ ቤተ ሰቡ ሲመሽ ወጥቶ በበረንዳው ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ነፋስ መቀበሉ የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ በእኛም ከተሞች በአንዳንድ ቪላ ቤቶች በረንዳ ላይ ይታያል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ባለ በረንዳ ቤት ሲገዙ ወይም ሲከራዩ ይህን ወንበር ለማንጠልጠል ያስባሉ።

ነገሩ መልካም ነው። ከሰዓት በኋላ ቡና ከተጠጣ በኋላ አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠው የሚያወጉበት፣ እንግዳም የሚያርፍበት ስፍራ በቤት ውስጥ ቢኖር ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በዚህ ወንበርና በሌላው ወንበር መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በምድር ላይ የቆመ ወንበር እግሩ ሲላላ አስቀድሞ ይነቃነቃል፤ ይንቋቋል፤ ተቀማጩም ጎንበስ ብሎ ሊያየው ይችላል። የተንጠለጠለ ወንበር ግን የሚይዘው ነገር ከራስ በላይ፣ ከኮርኒስ ጀርባ ተሰውሯል። ከተቀማጮቹ መካከል ቀና ብሎ የሚመረምር የለም፤ የሚያምኑት ወንበሩን ሳይሆን ያንጠለጠለውን ሰው ነው። በሚወድቅበትም ጊዜ ሰው የሚወድቀው በጀርባውና በማጅራቱ ሲሆን፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ሰንሰለቱና የተነቀለው ብረትም ተከትሎ ይወርድበታል። ስለዚህ ወንበሩን ከመግዛት አስቀድሞ መልስ የሚያሻው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ሁሉ ክብደት በመጨረሻ የሚያርፈው በምን ላይ ነው?

ኮርኒስ ሸካሚ አይደለም

ብዙ ሰው ጣራና ኮርኒስን እንደ አንድ ነገር ይቈጥራቸዋል። ኮርኒስ ግን የጣራውን እንጨት ከዐይን የሚሰውር ልብስ ነው። በቀድሞ ቤቶች አቡጀዲ ተወጥሮ ኖራ ይቀባ ነበር፤ በኋላ ደግሞ ቺፑድ፣ ሌላም ስስ ጣውላ መጣ። እነዚህ ሁሉ የሚመቱት በቀጫጭን ሞራሌ ላይ ሲሆን፣ ሞራሌውም የተሰላው ኮርኒሱን ብቻ እንዲይዝ ነው። ለመብራት አምፖል በቂ የሆነ ምስማር ለሰው በቂ አይደለም። በኮርኒስ ላይ ቀለበት ጠምዝዞ ወንበር ማንጠልጠል በመጋረጃ ላይ እንደ መደገፍ ያለ ነው።

ከኮርኒሱ በላይ ያለውም እንጨት ቢሆን ሁሉ አንድ አይደለም። ማገሩ የተሠራው ቆርቆሮውን ለመያዝ ነው። ወራጁ ደግሞ ቆርቆሮውን፣ ማገሩንና የነፋሱን ግፊት እንዲችል ታስቦ የተቀመጠ ነው እንጂ፣ በመካከሉ ሦስት ሰው ተንጠልጥሎ እንዲወዛወዝበት አይደለም። እንግዲህ ወንበሩን የሚሸከመው እንጨት ወይም ብረት በታወቀ ቦታ የተቀመጠ፣ ሁለት ጫፉም በግድግዳ ወይም በዓምድ ላይ ያረፈ መሆን አለበት።

ክብደቱ ስንት ነው?

በግምት ከመሥራት በቁጥር መሥራት ይሻላል። እያንዳንዳቸው 75 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች 150 ኪሎ ይሆናሉ። የእንጨቱን ወንበርና ሰንሰለቱን 30 ኪሎ ብንል ድምሩ 180 ኪሎ ነው። ይህ ግን ወንበሩ ጸጥ ብሎ በቆመ ጊዜ ያለው ክብደት ነው። የሚወዛወዝ ነገር ከላይ ወደ ታች በሚያልፍበት ቅጽበት ከራሱ ክብደት አብልጦ ይስባል። ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ከሚወርድበት መስመር 30 ዲግሪ ያህል ቢርቅ፣ በታች ሲያልፍ የሚስበው 230 ኪሎ ገደማ ይሆናል። 45 ዲግሪ ቢደርስ 285 ኪሎ፤ ጎረምሶች ገፍተው 60 ዲግሪ ቢያደርሱት ደግሞ 360 ኪሎ፣ ማለት የቆመበት ክብደት እጥፍ ይሆናል።

ከዚህም በላይ ተቀማጮች ሁልጊዜ በመካከል አይቀመጡም። ሁለቱም ወደ አንድ ጫፍ የተጠጉ እንደ ሆነ ከሞላ ጎደል ጭነቱን ሁሉ የሚችለው በዚያ ወገን ያለው ቀለበት ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ቀለበቶች እያንዳንዱ ሙሉውን ጭነት ለብቻው እንዲችል ተደርጎ መመረጥ አለበት እንጂ፣ ግማሹ ይበቃዋል ማለት አይገባም።

ሦስተኛም ነገር አለ፤ እርሱም ድግግሞሽ ነው። የሰንሰለቱ ርዝመት 2 ሜትር ቢሆን ወንበሩ ሄዶ ለመመለስ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ1,200 ጊዜ በላይ ይመላለሳል ማለት ነው። በያንዳንዱ ምልልስ ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል፤ ብሎኑም በጥቂቱ ይነቀነቃል። ዛሬ ጠብቆ የያዘው ነገር ከስድስት ወር በኋላም እንደዚያው ይይዛል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

የጭነቱ መንገድ

«ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ» ይባላል። የጭነቱም ነገር መታየት ያለበት ከሥሩ ነው። ክብደቱ ከወንበሩ ወደ ሰንሰለቱ፣ ከሰንሰለቱ ወደ ቀለበቱ፣ ከቀለበቱ ወደ ብሎኑ፣ ከብሎኑ ወደ ዳዶውና ወደ ሮንዴላው፣ ከዚያም ወደ ተሸካሚው እንጨት፣ ከእንጨቱ ወደ ዓምዱ ወይም ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ከእነዚህ መካከል አንዱ ደካማ ቢሆን የሌሎቹ ብርታት አይጠቅምም። ብዙ ጊዜም የሚሰበረው ወፍራሙ ብረት ሳይሆን ሁለት ነገር የሚገናኝበት ስፍራ ነው።

ለዚህ በዓለም የታወቀ ምሳሌ አለ። ሐምሌ 10 ቀን 1973 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1981) በአሜሪካ በካንሳስ ከተማ፣ ሃያት ሪጀንሲ በተባለው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከጣራው በብረት ዘንግ ተንጠልጥለው አንዱ ከአንዱ በላይ የነበሩ ሁለት መተላለፊያ ድልድዮች ወደቁ። 114 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ። በመጀመሪያው ንድፍ አንድ ረጅም ዘንግ ከጣራው ወርዶ፣ የላይኛውን ድልድይ አልፎ የታችኛውን እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ለሥራ እንዲመች ተብሎ ዘንጉ ሁለት ቦታ ተከፈለ፤ የታችኛው ድልድይ በላይኛው ላይ ተንጠለጠለ። በዚህ ምክንያት በላይኛው ድልድይ ሥር ያለው ዳዶ የሁለቱን ድልድዮች ጭነት እንዲችል ተገደደ። ዘንጉ አልተበጠሰም፤ ዳዶው የያዘው ተሸካሚ ግን ተቀድዶ ዘንጉ ሾልኮ ወጣ።

ነገሩን በገመድ ማየት ይቻላል። ሁለት ሰዎች በአንድ ገመድ ላይ ቢንጠለጠሉ፣ ሁለቱም ገመዱን በየራሳቸው እጅ የያዙ እንደ ሆነ እያንዳንዱ የሚችለው የራሱን ክብደት ብቻ ነው። የታችኛው ሰው የላይኛውን እግር ቢይዝ ግን የላይኛው ሰው እጅ የሁለቱን ክብደት መቻል አለበት። ገመዱም ሰዎቹም እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው አያያዙ ብቻ ነው።

ከዚህ ለበረንዳችን ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ዳዶው በእንጨቱ ላይ የሚያርፈው በትንሽ ሮንዴላ ሳይሆን በሰፊና በወፍራም ብረት ላይ መሆን አለበት፤ አለዚያ ጊዜ ሲያገኝ እንጨቱን እየበላ ይሾልካል። ሁለተኛ፣ ለሕፃን የሚሆን ሌላ ዥዋዥዌ ወይም የሕፃን አልጋ በትልቁ ወንበር ላይ ወይም በቀለበቱ ላይ ደርቦ ማንጠልጠል አይገባም። ሁለተኛ የሚንጠለጠል ነገር ካለ የራሱ ቀለበትና የራሱ ተሸካሚ ይኑረው።

በእንጨት ጣራ ሥር

ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ሆኖ ጣራው በባሕር ዛፍ ወይም በሞራሌ የተዋቀረ ከሆነ፣ አስቀድሞ ከኮርኒሱ በላይ ገብቶ ወይም አንድ ጣውላ አንሥቶ በዐይን ማየት ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የመብራት ሽቦ ሊያልፍ ስለሚችል ሥራው ከመጀመሩ በፊት መብራቱ ከቈጣሪው ላይ ይጥፋ። እንጨቱ በመዶሻ ሲመታ ድምፁ ባዶ ከሆነ ውስጡን ምስጥ በልቶታል። ወስፌ ሲወጉት ያለ ችግር የሚገባ ከሆነ በስብሷል። የባሕር ዛፍ እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው፣ ስንጥቁ ቀለበቱ በሚገባበት ስፍራ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል።

ከሁሉ የሚሻለው በነበረው ወራጅ ሳይታመኑ አንድ አዲስ ተሸካሚ እንጨት ማስገባት ነው። ይህም ሁለት 5 በ15 ሳንቲሜትር የሆኑ ደረቅ ጣውላዎች ጎን ለጎን ተደርገው በብሎን ታስረው፣ ጫፍና ጫፋቸው በግድግዳ ወይም በዓምድ ላይ እንዲያርፍ ሆኖ ሲቀመጡ ነው። 2 ሜትር ያህል ርቀት ለሚሻገር በረንዳ ይህ በቂ ነው። ርቀቱ ከዚያ የበለጠ እንደ ሆነ ግን ልኩን መሐንዲስ ወይም የታወቀ አናጢ ይስጥ።

እንጨቱ መቀመጥ ያለበት በጠባቡ ጎኑ ቆሞ ነው እንጂ ተጋድሞ አይደለም። የእንጨት ብርታት በስፋቱ ልክ ሲጨምር፣ በቁመቱ ግን በቁመቱ ካሬ ልክ ይጨምራል። ስለዚህ 5 በ7 የሆነ ሞራሌ ሲቆም ከተጋደመው ይልቅ 1 ነጥብ 4 ጊዜ ይበረታል። 5 በ15 የሆነ ጣውላ ደግሞ ከቆመው ከ5 በ7 ሞራሌ 4 ጊዜ ተኩል ያህል ይበልጣል። እንጨት የሚጨምረው ከእጥፍ ጥቂት የሚያልፍ ሲሆን ብርታቱ ግን ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል። ደግሞም አንድ ጭነት በተሸካሚው መካከል ከሚንጠለጠል ወደ ዓምዱ ወይም ወደ ግድግዳው ቢቀርብ እንጨቱን የማጉበጥ ኃይሉ ያንሳል።

ቀለበቱ የሚገባው እንዲህ ነው። 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ባለ ቀለበት ብሎን ይገዛል፤ ርዝመቱም ተሸካሚውን እንጨት ከታች እስከ ላይ ዘልቆ የሚያልፍ ይሁን። በእንጨቱ ስፋት መካከል በትራፓኖ ቀጥ ያለ ቀዳዳ ይበሳል። ብሎኑ ከታች ወደ ላይ ይገባና ከላይ ሰፊ የብረት ሳህን፣ ከዚያም ዳዶ፣ በዳዶው ላይ ደግሞ መቈለፊያ የሚሆን ሁለተኛ ዳዶ ይጠበቅበታል። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ብሎኑ እንዲወርድ እንጨቱ ራሱ መሰንጠቅ አለበት። በእንጨት ውስጥ ተጠምዝዞ ብቻ የሚይዝ ቀለበት ግን የሚያምነው በጥርሱ ነው። ሌላ መንገድ ጠፍቶ እርሱን መጠቀም ግድ ከሆነ፣ 12 ሚሊሜትር ለሆነው ቀለበት 8 ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ አስቀድሞ ይበሳ፤ ጥርሱም ቢያንስ 8 ሳንቲሜትር በጤናማ እንጨት ውስጥ ይግባ። ቀዳዳው ከዚያ ቢሰፋ ጥርሱ አይነክስም፤ ቢጠብም እንጨቱ ይሰነጠቃል።

በሲሚንቶ ጣራ ሥር

ብዙ ሰው «የእኔ ቤት ሶሌታ ነው፤ ምን ያሠጋኛል?» ይላል። ሶሌታ በእውነት ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ብርታቱ ሲጫኑት እንጂ ሲስቡት አይደለም። ሲሚንቶ ስቦ ለመቀደድ የሚበቃው ኃይል ተጭኖ ለመድቀቅ ከሚያስፈልገው ዐሥር አንድ ያህል ብቻ ነው። በውስጡ ፌሮ የሚደረገውም ስለዚህ ነው። ከሶሌታ በታች የሚንጠለጠል ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ይስበዋል እንጂ አይጫነውም።

አስቀድሞ የሶሌታውን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። በብዙ ሕንፃዎች ሶሌታው ሙሉ ሲሚንቶ ሳይሆን ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት የተሞላ ነው። ጭነቱን የሚይዘው በብሎኬቶቹ መካከል በተርታ ያለፈው ፌሮ ያለበት የሲሚንቶ መሥመር ነው። ብሎኬቱ ግን ቅርፊቱ ስስ ስለ ሆነ ለተንጠለጠለ ሰው ሊታመን አይችልም። ከላይ በልስን ስለ ተሸፈነ በዐይን አይለይም፤ በትራፓኖ ሲበሳ ግን ፑንታው ድንገት ባዶ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ያ ስፍራ ብሎኬት ነውና መተው ይገባል። ፑንታው ፌሮ የነካ እንደ ሆነም ቦታ መለወጥ እንጂ ፌሮውን መቁረጥ አይገባም።

ፕላስቲክ ፊሸር ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም፤ ለሥዕልና ለመጋረጃ ብረት ነው የተሠራው። በሙሉ ሲሚንቶ ውስጥ ሲጠብቅ ራሱን አስፍቶ የሚይዝ፣ ከላይ ለሚንጠለጠል ጭነት የተሠራ የብረት ብሎን ያስፈልጋል። እርሱም አንድ ብቻውን ሳይሆን፣ አራት ብሎን በሚይዝ ወፍራም የብረት ሳህን ላይ ቀለበቱ ተበይዶ ቢሆን ይመረጣል።

በማጣበቂያ ስለሚያዝ ብሎን ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። ሐምሌ 3 ቀን 1998 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2006) በአሜሪካ በቦስተን ከተማ፣ በምድር ውስጥ በሚያልፍ የመኪና መንገድ ላይ ከጣራው የተንጠለጠሉ የሲሚንቶ ጠፍጣፋዎች በምታልፍ መኪና ላይ ወድቀው አንዲት ሴት ሞተች። ጠፍጣፋዎቹን የያዙት ብሎኖች በሲሚንቶው ቀዳዳ ውስጥ ኢፖክሲ በተባለ ማጣበቂያ የተጣበቁ ነበሩ። መርማሪዎች በ1999 ዓ.ም. ባወጡት ዘገባ እንደ ገለጹት፣ የተመረጠው ማጣበቂያ ሳይቋረጥ በሚስበው ጭነት ጥቂት በጥቂት እየተሳበ የሚሄድ ዓይነት ነበር። በመጀመሪያው ቀን የያዘ፣ በመጀመሪያውም ዓመት የያዘ ነገር በዝግታ እየለቀቀ ነበር ማለት ነው። እኛም የማጣበቂያውን ዓይነት ሳናውቅ ሰውን በማጣበቂያ ላይ ማንጠልጠል አይገባንም።

በጋራ ሕንፃ የሚኖሩ አንባቢዎች ሌላም ነገር ልብ ይበሉ። ከበረንዳቸው በላይ ያለው ሶሌታ የጎረቤት ወለል ነው፤ ሳያማክሩ መብሳት አይገባም። ደግሞም ፎቅ ላይ ባለ በረንዳ የሚወዛወዝ ወንበር በምንም ምክንያት ወደ መከለያው አቅጣጫ እንዳይሄድ ያስፈልጋል። ወንበር ላይ የቆመ ሕፃን ከመከለያው በላይ መሆኑን ማሰብ ይበቃል። በእንደዚህ ያለ በረንዳ ባይንጠለጠል ይሻላል።

በአሜሪካ ለሚኖሩ

በአሜሪካ ያሉ ቤቶች ብዙዎቹ የእንጨት ናቸው። የጣራው ተሸካሚዎች በተርታ፣ አንዱ ከአንዱ 16 ኢንች ወይም 24 ኢንች (40 ወይም 60 ሳንቲሜትር ያህል) ርቀው ይቀመጣሉ። ከታች በጣውላ ስለ ተሸፈኑ በምስማር ተርታ ወይም ለዚህ በተሠራ መፈለጊያ መሣሪያ ይገኛሉ። ነገር ግን መገኘታቸው ብቻ አይበቃም። በአንዳንድ በረንዳ ላይ ያለው እንጨት እንደ እኛ ኮርኒስ ሞራሌ የመሸፈኛውን ጣውላ ለመያዝ ብቻ የገባ ነው። ቁመቱ ከ6 ኢንች ያነሰ ከሆነ በእርሱ ላይ ማንጠልጠል አይገባም። ቀለበቱ ሊገባ የሚፈለግበት ስፍራ በሁለት ተሸካሚዎች መካከል ቢውል፣ ከበላያቸው ሁለቱን የሚያያይዝ ወፍራም እንጨት በአግድም ይደረግና ብሎኑ በእርሱ ውስጥ ይለፍ። በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው አስቀድሞ የቤቱን ባለቤት ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ።

ሰንሰለትና ገመድ

ክፍት መንጠቆ አይሁን፤ ወንበሩ ሲነጥር ሰንሰለቱ ሊወጣ ይችላልና። ቀለበቱ የተዘጋ፣ የሰንሰለቱም ዓይን የተበየደ ይሁን። ሰንሰለት በዐይን ወፍራም ስለ መሰለ አይገዛም፤ የሚችለው ጭነት የተጻፈበትን መጠየቅ ይገባል። ዝናብ በሚነካው በረንዳ ላይ ዝገት የማይዘው፣ በዚንክ የተለበጠ ብረት ይመረጣል።

ገመድ ለሚመርጡ ሰዎች ይህን እንላለን። የቃጫ ገመድ ዝናብ ይጠጣል፤ ከውጭ ጤነኛ መስሎ ከውስጥ ይበሰብሳል። ርካሹ የፕላስቲክ ገመድ ደግሞ በፀሐይ ይደርቃል፤ የደጋው ፀሐይ ብርቱ ስለ ሆነ ጊዜ ሳይወስድ እየተላጠ ይሳሳል። ናይለን ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ስለሚለጠጥ ወንበሩ ዝቅ ይላል። የትኛውም ገመድ ቢሆን ከብረት ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ስለሚሳሳ፣ በዚያ ስፍራ የብረት መከላከያ ይደረግለት።

ሁለቱ ቀለበቶች በጣራው ላይ ያላቸው ርቀት ከወንበሩ ርዝመት በግራም በቀኝም 5 ሳንቲሜትር ያህል ቢበልጥ ሰንሰለቱ የወንበሩን ክንድ አይፍቅም። ከዚያ አብዝቶ ማራራቅ ግን ጉዳት አለው። ሰንሰለቱ 45 ዲግሪ ካዘነበለ ጭነቱ በ4 አሥረኛ ያህል ይጨምራል፤ ቀለበቱንም ወደ ጎን ይጎትተዋል።

ስፋትና ከፍታ

መቀመጫው ከወለሉ 45 ሳንቲሜትር ያህል ይሁን፤ የተቀመጠ ሰው እግሩ ምድር መንካት አለበት። ከፊትና ከኋላ 90 ሳንቲሜትር፣ ከጎንና ከጎን 40 ሳንቲሜትር ያህል ነጻ ስፍራ ይተው። ወንበሩ ራሱ 60 ሳንቲሜትር የሚወስድ ስለ ሆነ በረንዳው ቢያንስ 2 ሜትር ከ40 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያሻዋል። የብዙዎቻችን በረንዳ ይህን ያህል አይሰፋም። በዚህ ጊዜ ወንበሩን አዙሮ በበረንዳው ርዝመት አቅጣጫ እንዲወዛወዝ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ወደ መስኮት መስታወትና ወደ በር መግቢያ እንዳይሄድ ያስፈልጋል።

ሳይፈተሽ አይቀመጡበት

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ሥራው እንዳለቀ ልጆችን ጠርቶ ማስቀመጥ ነውር ነው። ወንበሩ ለጊዜው ከወለሉ 10 ሳንቲሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ይንጠልጠል። ቀጥሎ ባለ 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት አንድ በአንድ እየተጨመረ እስከ ሰባት ይጫንበት፤ ይህ 350 ኪሎ ነው። ከረጢት የሌለው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቶ ይጠቀም፤ አንዱ 20 ኪሎ ያህል ነው። ማንም በሥሩ አይግባ። በየጭነቱ መካከል ተሸካሚው እንጨት ምን ያህል እንደ ጎበጠ በክር ይለካ፤ ድምፅ ይደመጥ። አንድ ቀን ሙሉ ከዋለና ካደረ በኋላ ክሩ ያው ከሆነ፣ ብሎኑም ካልተንቀሳቀሰ፣ በልስኑም ላይ ስንጥቅ ካልታየ ወንበሩ ወደ ልኩ ከፍ ይበል። እንጨቱ ሲጮህ ወይም እየጎበጠ ሲሄድ ከታየ ግን ማውረድና ተሸካሚውን መለወጥ ነው እንጂ «ሰው ይህን ያህል አይመዝንም» ብሎ ማለፍ አይገባም።

የቤት ሥርዐት

ከዚህ በኋላ የሚቀረው አጠቃቀሙ ነው። በወንበሩ ላይ ማንም አይቁም። ሲወዛወዝ ከኋላው ሕፃን አይለፍ፤ 2 ሜትር ሰንሰለት ያለው ወንበር ከ60 ዲግሪ ሲለቀቅ በታች የሚያልፈው በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው፤ የወንበሩም ጠርዝ ከትንሽ ልጅ ራስ ጋር ይተካከላል። ጨቅላ ሕፃን በላዩ ላይ ተኝቶ ለብቻው አይተው። ትርፍ ገመድ ተንጠልጥሎ አይቅር፤ በልጅ አንገት ሊጠመጠም ይችላልና። እጅ በሰንሰለቱ ዓይን ውስጥ አይግባ።

ምርመራውንም ላለመርሳት ቤት ከሚጸዳባቸው ቀናት ጋር ማያያዝ ይቻላል። ለዘመን መለወጫና ለትንሣኤ በዓል ቤት ሲጠረግ፣ መሰላል ስለሚወጣ በዚያው ዳዶው ይጥበቅ፣ ዝገቱ ይታይ፣ የሰንሰለቱ ዓይን መሳሳቱና አለመሳሳቱ ይመርመር። የመስከረሙ ምርመራ ክረምቱ ያደረሰውን ዝገትና ብስባሽ ያሳያል፤ የትንሣኤው ደግሞ በጋው ያደረቀውን እንጨትና ገመድ ያሳያል። አዲስ የሲጥ ሲጥ ድምፅ ከተሰማ ግን በዓል አይጠበቅም፤ ወንበሩ በዚያው ሰዓት ይውረድ።

እነዚህን ሁሉ ያነበበ ሰው «የእኔ ጣራ የሚችል መሆኑን ለማወቅ አልቻልሁም» ቢል፣ መልሱ ቀላል ነው። በራሱ አራት እግር በምድር ላይ በሚቆም የብረት ወይም የእንጨት መሥቀያ ላይ ወንበሩን ያንጠልጥል። መሥቀያው ጥቂት ስፍራ ይወስዳል፤ ዋጋውም ይጨምራል፤ ነገር ግን መገጣጠሚያው ሁሉ በዐይን የሚታይና በእጅ የሚነካ ነው። በረንዳውን ወደ ዥዋዥዌ የሚያቀርብ አባወራ ወይም እማወራ ብሎኑ ወዴት እንደሚደርስ፣ ጭነቱም በምን ላይ እንደሚያርፍ በጣቱ ማመልከት ከቻለ እንግዳውን ያስቀምጥ፤ ካልቻለ ግን ሰንሰለቱ በሣጥን ውስጥ ይቈይ።